የዲስኮች ተራ ቁጥር ታሪክ

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ የበዙ ዲስኮች በአንድነት ተቀምጠው ሲገኙ፣ ከእነርሱ የትኛው ፊተኛ፣ የትኛውስ ኋለኛ ተብሎ እንዲጠራ የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለ ተለወጠ፣ ዛሬ በዲስክ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የሚያነበው ቁጥር ከእርሱ በፊት የነበሩት ያነቡት ከነበረው ቁጥር ጋር በመልክ አንድ ሆኖ ሳለ በምሥጢሩ የተለየ ነው። ቁጥሩ በመጀመሪያ በሰው እጅ የሚሰጥ ሹመት ነበረ፤ ቀጥሎ በገመድ ላይ የሚያዝ ስፍራ ሆነ፤ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ ገና የሚታደል የመድረስ ተራ ሆነ። ይህን ለውጥ ሳያውቁ የሞተው ዲስክ መስሏቸው ሕያዉን የሚደመስሱ፣ የሰው የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቅጽበት የሚያጠፉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ሐተታ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። በጽሑፉ የሚነሡት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምጽፈው በናይሮቢ ከተማ፣ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ተቀምጬ ነው። ከከተማው መካከል ተነሥተው በሙዚየም ሂል በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወጡ፣ በ1892 የሞተውን የኪኩዩ አለቃ የዋያኪ ዋ ሂንጋን ስም የተሸከመው ዋያኪ ጎዳና ሰፈሩን ሰንጥቆ ወደ ስምጥ ሸለቆ ያመራል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ከኬፕ እስከ ካይሮ አፍሪካን አቋርጦ የተጓዘው እንግሊዛዊው ኢዋርት ግሮጋን ይኖርበት በነበረው በቺሮሞ ዛሬ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ይገኛል፤ በጎዳናው ዳር ደግሞ የሳፋሪኮም ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ይህ ኩባንያ በመጋቢት 2007 የጀመረው ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ፣ መዝገቡ በጀርመን አገር ባሉ ማሽኖች ላይ ተቀምጦ ከኖረ በኋላ በ2015 ወደ ኬንያ ተዛውሯል። ሻጭና ገዢ፣ አባትና ተማሪ ልጁ፣ አሠሪና ሠራተኛ በየዕለቱ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ባሕረ መዝገብ በአንድ ዲስክ ላይ ሊያርፍ ከቶ አይችልም፤ የሚሸከሙት ብዙዎች ናቸው፤ ብዙዎች ከሆኑም ቁጥር ያሻቸዋል።

የዲስክ ጥንተ ታሪክ የሚጀምረው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመስከረም 1956 ራማክ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ባስተዋወቀበት ጊዜ ነው። የራማክ ዲስክ፣ ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ሳህኖች በአንድ ምሰሶ ላይ ተደርድረው የሚሽከረከሩበት፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ግዙፍ ዕቃ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ግዝፈቱ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበረ። እንዲህ ያለው ዕቃ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይቆም ስለ ነበረ የተራ ቁጥር ነገር ገና አላሳሰበም።

ያሳሰበው በ1965 ነው። በዚያ ዓመት ይኸው ኩባንያ 2314 በሚል መጠሪያ ያወጣው የዲስክ ማኅደር፣ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚሳቡ 9 ድራይቮችን በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ድራይቭ 29 ሚሊዮን ባይት ያህል ይይዝ ነበር። ከዘጠኙ ግን በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ስምንቱ ብቻ ነበሩ፤ ዘጠነኛው ከእነርሱ አንዱ ቢታወክ ይተካው ዘንድ በተጠባባቂነት ይቆማል። የመሐንዲሶቹ ጥበብ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው፤ የድራይቩን ቁጥር በብረቱ ላይ አልቀረጹትም፣ ከቆመበት ስፍራም ጋር አላሰሩትም፤ ቁጥሩን የምትሸከም አንዲት ትንሽ መሰኪያ ሠርተው በድራይቩ ላይ እንድትሰካ አደረጉ እንጂ። ኮምፒዩተሩ ቁጥር 3ን እንዲያነብ ባዘዘ ጊዜ የሚታዘዝለት የ3 ቁጥር መሰኪያ የተሰካበት ድራይቭ ነው። ያ ድራይቭ የተበላሸ እንደ ሆነ የማሽኑ ጠባቂ የሳህኖቹን ጥቅል አውጥቶ ወደ ተጠባባቂው ያዛውራል፤ መሰኪያዋንም ከታመመው ነቅሎ በጤነኛው ላይ ይሰካታል፤ ከዚያም በኋላ 3 ተብሎ የሚጠራው አዲሱ ነው። ኮምፒዩተሩ ብረቱ እንደ ተለወጠ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አያስፈልገውም። ቁጥሩ ሹመት ነበረ ማለቴ ስለዚህ ነው፤ ሰጪውም በዓይኑ አይቶ በእጁ የሚሰካ፣ ቢሳሳትም ስሕተቱን በዓይኑ ሊያገኘው የሚችል ሰው ነበረ። በእኔ ፍርድ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ በምቾትና በፍጥነት ይብለጥ እንጂ በግልጽነት ይህን የሚስተካከል አልተገኘም።

ለዲስክ በቁጥር ፈንታ ፊደል የመስጠት ልማድም የወጣው ከዚያው ቤት ነው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል የተሠራው ሲፒ/ሲኤምኤስ የተባለው ሥርዓት ዲስኮችን በነጠላ ፊደል ይጠራ ነበር። ጋሪ ኪልዳል በ1974 በካሊፎርኒያ፣ ለትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ሲፒ/ኤም የተባለውን ሥርዓት ሲደርስ እርሱም ፊተኛውን ድራይቭ ኤ፣ ተከታዩን ቢ አለ። በ1980 በሲያትል ቲም ፓተርሰን የሲፒ/ኤምን ጠባይ አስመስሎ የጻፈውን ሥርዓት ማይክሮሶፍት ገዝቶ፣ በነሐሴ 1981 ከአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ ጋር ዶስ በሚል ስም ሲያወጣው ልማዱ ሳይነካ ተላለፈ፤ ኤና ቢም ለሁለቱ ፍሎፒዎች ተያዙ። በመጋቢት 1983፣ 10 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ በሆዱ ያለው ፒሲ ኤክስቲ ሲመጣ፣ አዲሱ መጤ ሁለቱን ፊደላት ተይዘው ስላገኛቸው ሦስተኛውን ሲን ወሰደ። በዚያው በ1983 እዚህ በዌስትላንድስ ሳሪት ሴንተር የተባለው የገበያ ማዕከል በሩን ከፈተ። ፍሎፒ ዲስክ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሆኖም ዛሬ በዚያ ሕንፃ ገብቶ ዊንዶውስ የተጫነበት አዲስ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው፣ ዲስኩን ሲ ተብሎ ያገኘዋል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የሁለቱ ሙታን ስፍራ እስከ ዛሬ አልተወረሰም።

ፊደሉ የሶፍትዌር ነገር ነው፤ ከፊደሉ በታች ግን ብረቱ ራሱ ተለይቶ መታወቅ ነበረበት። በፍሎፒ ድራይቭ ጀርባ ቁጥሩን የሚወስን ጃምፐር፣ ይኸውም ሁለት መርፌዎችን የሚያገናኝ ከጥፍር የምታንስ ክዳን፣ ይገኝ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. ግን ሁለቱን ድራይቮች በጃምፐር ከመለየት ይልቅ ሁለቱም አንድ ቁጥር እንደ ያዙ እንዲገቡ አድርጎ ልዩነቱን ወደ ገመዱ አዛወረው፤ 34 ክሮች ካሉት ጠፍጣፋ ገመድ ውስጥ ሰባቱን በሁለቱ መሰኪያዎች መካከል ጠምዝዞ አገላበጣቸው። ከጥምዙ ወዲያ፣ በገመዱ ጫፍ የተሰካው ኤ ሆነ፤ ከጥምዙ ወዲህ፣ በመካከል የተሰካው ቢ ሆነ። ነገሩ ለሚያስተውለው ታላቅ ለውጥ ነው፤ ድራይቩ በራሱ ማንም አይደለም፣ ማንነቱ የተሰካበት ስፍራ ነው፤ አንሥተው ወደ ሌላው መሰኪያ ቢያዛውሩት ወዲያው ሌላ ይሆናል።

በሃርድ ዲስክ በኩል ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖሩ። በ1986 ደንብ ሆኖ የጸደቀው ስካዚ በአንድ ገመድ ላይ 8 መሣሪያዎችን ሲያስተናግድ፣ እያንዳንዱ ዲስክ 1፣ 2 እና 4 የሚመዝኑ ሦስት የጃምፐር ስፍራዎች ነበሩት፤ ክዳኖቹ የገቡባቸው ሲደመሩ የዲስኩ ቁጥር ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጥ ሥልጣን ያለውን 7ን ልማድ ለተቆጣጣሪው ካርድ ሰጠ። በዚያው ዓመት በኮምፓክ ኮምፒዩተሮች ላይ የታየው አይዲኢ ርካሽ ስለ ነበረ በየጠረጴዛው የገባው እርሱ ሆነ፤ በአንድ ገመድ ላይ የሚችለው ሁለት ዲስክ ብቻ ሲሆን፣ የጥገና ሰዎች ማስተርና ስሌቭ ይሏቸው የነበሩትን የደንቡ ጸሐፊዎች መሣሪያ 0 እና መሣሪያ 1 አሏቸው። ሁለቱ ዲስኮች በስንፍና ሁለቱም ማስተር ተደርገው የተሰኩ እንደ ሆነ፣ በአንድ ስም ሁለቱ ይመልሳሉና ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ አንዱንም አያገኝም። በ2002 የተቋቋመው ኮምፒዩተርስ ፎር ስኩልስ ኬንያ የተባለው ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እየሰበሰበና እያደሰ ለኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲያድል፣ የዚያ ዘመን አሮጌ ኮምፒዩተሮች ወገናቸው አይዲኢ ነበረ፤ እንዲህ ያለውን ማሽን ያደሰ ሰው ሁሉ፣ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ያችን ክዳን በወረንጦ ይዞ ከዲስኩ ጀርባ የተለጠፈውን ሥዕል ማንበብ ተምሯል።

እዚህ ላይ ቁጥሩ ስለ ምን ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ እንደሚጀምር መናገር ይገባል፤ የሚያደናግረው እርሱ ነውና። በስካዚ ዲስክ ሦስት የጃምፐር ስፍራዎች ሊጻፉ የሚችሉት ምልክቶች 8 ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሦስቱም ባዶ የሆኑበት ነው። ከአንድ የሚጀምር ቈጣሪ ይህን ባዶ ምልክት ሥራ ፈት አድርጎ ሰባት መሣሪያ ብቻ ያገኛል፤ ከዜሮ የሚጀምረው ግን ስምንቱንም ይጠቀምበታል። ሆላንዳዊው ሊቅ ዳይክስትራ በነሐሴ 1982 በጻፋት አጭር ሐተታ፣ አቆጣጠር ከዜሮ ሲጀምር ወሰኑን መጻፍ የጠራ እንደሚሆን አስረድቷል። የግእዝ አኃዝ ከ፩ ተነሥቶ እስከ ፼ ሲደርስ ለባዶ ምልክት የለውም፤ ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ይህንኑ አሳብ ከጥንት ያውቁት ነበር። ዓመተ ዓለምን በ19 ገድፈው ከሚተርፈው ላይ፣ የያዝነው ዓመት ገና አልተፈጸመም ብለው አንድ ይቀንሳሉ፤ የቀረውም ወንበር ይባላል፤ ስለዚህ የዐውዱ መጀመሪያ ዓመት ወንበሩ አልቦ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓመተ ምሕረት፣ ማለት ዓመተ ዓለም 7506፣ በ19 ሲገደፍ 1 ስለሚተርፍ ወንበሩ አልቦ ነበረ። የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ መነሻ ሥርዓት የሆነው ባዮስም ፍሎፒዎችን ከ0 ጀምሮ ቈጠረ፤ ለሃርድ ዲስኮች ግን ሌላ ረድፍ ከፍቶ የመጀመሪያውን 128፣ ሁለተኛውን 129 አለ፤ 128 የተመረጠው ከስምንቱ ቢት ከፍተኛውን በማብራት ብቻ ሃርድ ዲስክ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

ከዲስኩ በታች ደግሞ የዲስኩ ክፋይ አለ፤ ችግሩም በይበልጥ የሚገለጠው በክፋዮች ላይ ነው። በ1983 ከዶስ ሁለተኛው እትም ጋር የመጣው የክፋይ ሰሌዳ አንድ ዲስክ እስከ 4 እንዲከፈል ፈቀደ። በናይሮቢ መሬት ለብዙ ዘመን ሲታወቅ የኖረው በመሬት መዝገብ ቁጥር ነው፤ አንድ ሰፊ ይዞታ ለብዙዎች ሲከፋፈል እናት ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ከእርሱ በኋላ እዝባር ይሰመርና ለየቁራሹ አዲስ ቁጥር ይጨመርለታል፤ አዲስ ጎረቤት ቢመጣም የቀድሞው ባለይዞታ ቁጥር አይናወጥም። ቀጥሎ የምናየው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የዲስኩን ስም አስቀድሞ የክፋዩን ቁጥር ማስከተሉ ከዚህ ጋር በሥርዓት አንድ ነው። የዶስ ሕግ ግን የባለይዞታውን መብት አልጠበቀም፤ በመጀመሪያ የየዲስኩ ዋና ክፋይ በየተራው ፊደል ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀሩት ክፋዮች ይከተላሉ። ስለዚህ አንድ ዲስክ ብቻ ያለው፣ እርሱንም ሲና ዲ ብሎ የከፈለ ሰው፣ ቦታ ጠቦት ሁለተኛ ዲስክ ቢጨምር፣ የመጤው ዋና ክፋይ ዲ ይሆንና የቀድሞው ዲ ወደ ኢ ይገፋል፤ በዲ ላይ ተጭነው የነበሩ ፕሮግራሞችም አድራሻቸውን ያጣሉ። ይህ ሕግ ስንቱን ጸሐፊና ስንቱን ሒሳብ ሹም እንዳስጨነቀ የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር የጠገነ ሁሉ ያውቀዋል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልማድ ይዞ ኖሯል። የአይዲኢ ዲስኮችን በስፍራቸው ይጠራ ነበር፤ የፊተኛው ገመድ ማስተር ኤችዲኤ፣ ስሌቩ ኤችዲቢ፣ የሁለተኛው ገመድ ማስተር ኤችዲሲ ሲሆን፣ ኤችዲቢ ባይኖር እንኳ ኤችዲሲ ከስሙ ፈቅ አይልም። የስካዚ ዲስኮችን ግን በተገኙበት ተራ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራቸዋል፤ ከፊት ያለው ቢወገድ የኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል። በ2003 በገበያ የታየው ሳታ ለእያንዳንዱ ዲስክ የየራሱን ገመድ በመስጠት ጃምፐርን ከሥራ አስወጣ፤ ሊኑክስም ሳታንና በኋላ አይዲኢን ጭምር በስካዚ ልማድ ስለ ጠራ፣ የስፍራ ስም ተረስቶ የመገኘት ተራ ነገሠ። ተራውም ቢሆን የጸና አይደለም። የዘመኑ ሥርዓተ ክወና ቶሎ ለመነሣት ሲል ዲስኮቹን አንድ በአንድ አይጠይቅም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠራል፤ ሞተሩ ቀድሞ የዞረለት ወይም ተቆጣጣሪው ቀድሞ የነቃለት ፊተኛ ይሆናል። ከዊንዶውስ ቪስታ፣ ማለት ከ2007 ወዲህ፣ ዊንዶውስ ዲስክ 0 የሚለው በማዘርቦርዱ ላይ ሳታ 0 ተብሎ በተጻፈው ስፍራ የተሰካው ለመሆኑ ዋስትና የለም፤ ይህንንም ማይክሮሶፍት ራሱ አስታውቋል። ዛሬ ዲስክ 0 የነበረው ነገ ዲስክ 1 ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ምንም ገመድ ሳይነካ፣ ማንም እጁን ሳያስገባ።

ታዲያ የተራ ቁጥር ካልታመነ ምን ይታመናል? ሊቃውንቱ ያገኙት መፍትሔ መለያውን በዲስኩ በራሱ ላይ መጻፍ ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ በዲስኩ መግቢያ ዘርፍ ላይ 4 ባይት የሆነች ፊርማ ይጽፋል፤ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮም ፊደልን ከፊርማው ጋር አያይዞ ስለሚያስታውስ የዶስ የፊደል መገፋፋት ቀረ። በኋላ የመጣው ጂፒቲ የተባለው የክፋይ ሰሌዳ ለዲስኩም ለእያንዳንዱ ክፋይም 128 ቢት የሆነ መለያ ይሰጣል፤ ሊኑክስም ዲስኮቹን በተራ ሳይሆን በመለያቸው እንዲፈልግ ማዘዝ የተለመደ ሆኗል። በ1988 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከቲም የተለየው ሌላ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ባቀረቡት ሬይድ በተባለው አሠራር ደግሞ አንድ መዝገብ በብዙ ርካሽ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ፣ ተራው ቢዘበራረቅ ንባቡ ይፈርሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዲስክ የየትኛው ማኅበር አባል፣ በውስጡም ስንተኛ እንደ ሆነ በራሱ ላይ ይጻፍበታል፤ ዲስኮቹ ከስፍራቸው ተነቅለው ተደባልቀው ቢሰኩ እንኳ ማኅበሩ እንደ ገና ይሰበሰባል። እንደ ኤም-ፔሳ ያለ የብዙ ሕዝብ መዝገብ ያለ ስጋት በብዙ ዲስክ ላይ ሊያድር የሚችለው በዚህ ዓይነቱ ዘዴ ነው።

የተጻፈ መለያ ግን ይገለበጣል። አንድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ የተቀዳ እንደ ሆነ ፊርማውም አብሮ ይቀዳል፤ ዊንዶውስም በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ባለ አንድ ፊርማ ዲስኮች ሲያገኝ አንደኛውን ከአገልግሎት ያግደዋል። ሳይቀዳ የሚቀረው ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዲስክ የሰጠው፣ በልባሱም ላይ በወረቀት የተለጠፈው የመለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ዲስክ ሊደመስስ ሲነሣ፣ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ የሚያየውን 0 ወይም 1 አያምንም፤ ሥርዓቱ የሚነግረውን የመለያ ቁጥር በልባሱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል፤ የዲስኩንም መጠን ይመለከታል፤ ሁለቱ ዲስኮች በመጠንም በፋብሪካም አንድ ሆነው ያስቸገሩት እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ሊያድነው የሚፈልገውን ዲስክ ገመድ በእጁ ይነቅልና ሥራውን በቀረው በአንዱ ላይ ይጀምራል።